አስቸኳይ! የበገናዬ አውታር ተበጠሰ፣ እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ልደረድር ነው

ወለተ_ሚኒሶታ
ሰላም ለሁላችሁም፣ በገና የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን ልለማመድ ቁጭ ስል አንዱ አውታር ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ የቀሩትም ቅኝታቸው ወርዶ ነው ያገኘኋቸው፣ አንዱን ቃኝቼ ወደ ሌላው ስሄድ የመጀመሪያው ተመልሶ ይወርዳል። እሁድ የዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ የደብረ ዘይት በዓል ነው፣ ቅዳሴ እንዳለቀ አንድ መዝሙር እንድጫወት ፕሮግራም ውስጥ ገብቻለሁ፣ ከጀመርኩ ገና 7 ወሬ ነው ሰው ፊት ወጥቼም አላውቅም። መምህሬ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ በኦንላይን ነው የሚያስተምረኝ፣ እዛ አሁን ሌሊት ስለሆነ ስልክ አያነሳም። እዚህ አውታር የት ይሸጣል? ዛሬ ዓርብ ማታ ነው ያለችኝ ነገ ብቻ ናት

በገና_ወዳጅ
ስንተኛው ነው የተበጠሰው? የአንጀት ነው ናይለን? ፎቶ ለጥፊ

ኪያ_21
እሁድን ወደ ማክሰኞ እናዙርልሽ 😂 አይዞሽ እህቴ፣ የሚያውቁት እስኪመጡ ቡና አፍዪ

የቆሎ_ተማሪ
እህቴ በቅድሚያ በገና አይጫወቱትም፣ ይደረድሩታል። ይሄ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ዳዊት አምላኩን ያመሰገነበት ባለ 10 አውታር ነው፣ አባቶች 10ሩን በ10ቱ ትዕዛዛት ይመስሏቸዋል፣ ሁለቱን ምሰሶ በሚካኤልና በገብርኤል፣ ገበቴውን (ከታች ያለውን የድምፅ ሳጥን) በእመቤታችን። ታዋቂው በገና ደርዳሪ አለሙ አጋ እንኳን በ12 ዓመታቸው ነው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ስር ቁጭ ብለው መማር የጀመሩት። አንቺ በ7 ወር ስቴጅ ላይ ለመውጣት ምን አስቸኮለሽ? በገና ለብቻ የሚጸለይበት ነው፣ ፕሮግራም ማድመቂያ ሲሆን ያሳዝነኛል። ለምን ለሚቀጥለው ዓመት ጾም አታቆይውም

ወለተ_ሚኒሶታ
ወንድሜ ቃሉን ስላረምከኝ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን እኔ አልጠየቅኳቸውም፣ እዚህ የሚደረድር ሰው ስለሌለ ነው የጠየቁኝ፣ እናቴም ለዚህ ብላ ከኦሃዮ እየመጣች ነው። @በገና_ወዳጅ የአንጀት ነው፣ ጠቋሚ ጣቴ የሚነካው ነው የተበጠሰው

ሳሚ_ዲሲ
ናይለን አድርጊበት ተገላገይ። የዓሣ ማጥመጃ ወፍራሙን፣ ዋልማርት አለ

በገና_ወዳጅ
ሳሚ ናይለን ከአንጀት ጋር ተደባልቆ ድምፁ አንድ አይሆንም፣ አንዷ ብቻ እየጮኸች ታሳጣታለች

ሳሚ_ዲሲ
እሺ ከዝምታ ግን ይሻላል 🤷🏾‍♂️

ጋሼ_ሲያትል
ልጄ፣ በገናሽ ትናንት የት አደረ?

ወለተ_ሚኒሶታ
ጋሼ መኪና ውስጥ ነው ያደረው፣ ከልምምድ ስመለስ መሽቶ ስለነበር። ጠዋት አስገብቼ እንዲሞቅ ብዬ ሂተሩ አጠገብ አቆምኩት። ችግር አለው እንዴ?

ጋሼ_ሲያትል
እሱ ነው የሰበረሽ ልጄ። አንጀትም ቆዳም እንጨትም ሥጋ የነበረና ዛፍ የነበረ ነገር ነው፣ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል ይተፋል። ሌሊቱን በብርድ አድሮ ጠዋት የሂተር ደረቅ አየር ሲመታው አውታሩ ደርቆ ይኮማተራል፣ በዛ ላይ አንቺ ስታጠብቂው ይበጠሳል። መቃኛውም (አውታሩ የሚጠመዘዝበት እንጨት) ደርቆ ስለላላ ነው ቃኝተሽ ሳትጨርሺ የሚወርድብሽ። አሁን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ከሂተሩ አርቂው፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ይደር፣ አጠገቡ ሰፋ ባለ ሳህን ውሃ አስቀምጪ። ሁለተኛ አውታር ፍለጋ አትሂጂ፣ በገናሽ ላይ አለልሽ! በጣት ስትደረድሪ ከ10ሩ የምትነኪው 6ቱን ነው፣ የቀሩት ጣትሽ ነክቶ የሚያርፍባቸው ናቸው። ከነሱ አንዱን፣ ውፍረቱ ከተበጠሰው የሚቀራረበውን፣ ፍቺና በተበጠሰው ቦታ እሰሪው። በተፈታው ቦታ የፈለግሽውን ክር ወጥሪበት፣ የሳሚን ናይለንም ቢሆን፣ እሱ ድምፅ አይጠየቅም ለጣት ማረፊያ ብቻ ነው። ዛሬውኑ አድርጊው፣ አዲስ የታሰረ አውታር እየተለጠጠ ቅኝቱ ይወርዳል፣ ነገ ሙሉ ቀን በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅሽ አስለምጂው። እሁድ ጠዋት ግን እንዳትነኪው፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰሽ በገናው የአዳራሹን አየር ግማሽ ሰዓት ከለመደ በኋላ ቃኚ

ኪያ_21
ጋሼ እርስዎ ዶክተር ነዎት ወይ 😮

ማርታ_ለ
ሂተር አጠገብ አታስቀምጪ እህቴ፣ መኪና ውስጥም አታሳድሪው

ሳሚ_ዲሲ
ጋሼ ናይለኔን ስላልጣሉብኝ እግዜር ይስጥልኝ 😂

ዘ_ዳላስ
ለወደፊቱ፣ ለቴኒስ ራኬት የሚሆን የተፈጥሮ አንጀት ገመድ አለ፣ ከከብት አንጀት ነው የሚሠራው፣ የስፖርት እቃ ቤት ጠይቂ። እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ናይለን ወይም ፖሊስተር እንዳይሰጡሽ እሽጉ ላይ አንብቢ

ወለተ_ሚኒሶታ
ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ!! ቀየርኩት፣ ቆሟል። ግን አይነዝርም፣ እንደ ጊታር ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው፣ ምን አጠፋሁ

በገና_ወዳጅ
እንዚራውን ረስተሽዋል። ብርኩማው (አውታሮቹ የሚያርፉበት ድጋፍ) ላይ ከአውታሩ ስር የምትገባዋ ትንሽ ቆዳ፣ ስትፈቺው ወድቃ ይሆናል ወለሉን ፈልጊ። ከጠፋችም ከአሮጌ የቆዳ ቀበቶ በቀጭኑ ቁረጪ። ስርዋ አስገብተሽ አውታሩን እየመታሽ በጥፍርሽ ወደፊት ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርጊያት፣ የፀጉር ያህል ስትንቀሳቀስ ድምፁ ይለወጣል፣ ዝዝዝ ማለት ሲጀምር አቁሚ። መጀመሪያ ቃኝተሽ ነው እንዚራውን የምታስተካክዪው፣ አለዚያ ሁለቴ ትደክሚያለሽ

ወለተ_ሚኒሶታ
አገኘኋት!! ምንጣፉ ላይ ነበረች

ማርታ_ለ
ማይኩን እንዳትረሺ። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ማይኩን አፌ ላይ ደቀኑት፣ በገናው ምንም አልተሰማም፣ ሰዉ እኔ ስንሾካሾክ ብቻ ነው የሰማው፣ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ሁለት ማይክ ጠይቂ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ገበቴው ፊት። አንድ ብቻ ካለ ለበገናው ይሁን፣ ድምፅሽን ራሱ ይይዘዋል

የቆሎ_ተማሪ
እናትሽ ከኦሃዮ እንደምትመጣ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት፣ ይቅርታ እህቴ። በዚህ ጾም የበገና ድምፅ ሳይሰማ ከሚያልፍ አንቺ ብትደረድሪ ይሻላል። አንድ ነገር ልበልሽ፣ የበገና ዜማ እየዞረ ነው የሚመለሰው፣ ግጥሙ ቢጠፋብሽ እጅሽን አታቁሚ፣ ዜማውን ደግሞ ደጋግሞ ማዞር ነው፣ ሰዉ መግቢያ ነው የሚመስለው፣ ቃሉ ራሱ ይመጣልሻል። ቅኝቱንም ዝቅ አድርጊው፣ ሰው ሲፈራ ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል፣ በገና ደግሞ በለሆሳስ ነው፣ አውታሩም እንዳይበጠስብሽ ይረዳል

ጋሼ_ሲያትል
ትክክል ተናግሯል። በገና የሚቃኘው ለደርዳሪው ድምፅ ነው፣ ስልክ ላይ ያለው መቃኛ አያስጨንቅሽ

ወለተ_ሚኒሶታ
ሁላችሁንም ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ሳህኑን ውሃ ሞልቼ አጠገቡ አስቀምጬ ልተኛ ነው

ኪያ_21
ሰኞ ሆነ። እህታችን እንዴት ሆነልሽ?

ማርታ_ለ
እኔም እየጠበቅኩ ነው፣ ቪዲዮ ካለሽ ላኪልን

ጋሼ_ሲያትል
ልጄ፣ የተዋስሽውን አውታር ወደ ቦታው እስክትመልሺ ናይለኑን እንዳታጠብቂው

አዲስ_ገቢ
ሰላም፣ የኔም ሁለት አውታር ተበጥሷል፣ @ዘ_ዳላስ የቴኒሱ ገመድ ውፍረቱ ስንት ነበር?