ከእናቴ ጋር ወደ ሲቹዋን፤ በአምስት ቀን የቱን እናዳርስ?

ሄኖክ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ቻይና፣ የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ቼንግዱ ነው የሚማረው። መስቀልን እዚህ አክብረን፣ ሦስት አራት ቀን ቆይተን ከእማዬ ጋር ልንጠይቀው አስበናል። አምስት ቀን አለን። ሌሻን ያለውን ግዙፍ የቡድሃ ሐውልትና ዱጂያንግያን የሚባለውን የጥንት መስኖ ማየት እፈልጋለሁ። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ትጾማለች። ወንድሜ እንደሆነ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፣ "ስትመጡ እናያለን" ነው መልሱ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሜሮን፦ መጀመሪያ ቀኑን ቀይር! የቻይና ብሔራዊ በዓል በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ነው፣ በእኛ መስከረም 21፣ ዕረፍቱም ሳምንቱን ይይዛል። አገር ምድሩ የሚጓዘው ያኔ ነው። እኔ በዚያ ሳምንት ሌሻን ሄጄ ወደ ሐውልቱ እግር የሚያወርደው ደረጃ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ፣ ወደ ኋላ መመለስ እንኳ አይቻልም። ጥቅምት ሲገባ ሂዱ።

ኪያ፦ ደረጃውን እርሱት፣ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ ለእናትህ አይሆንም። በጀልባ እዩት። ሐውልቱ 71 ሜትር ነው፣ ከላይ ሆነህ ጭንቅላቱን ብቻ፣ ከታች ደግሞ የእግሩን ጣት ብቻ ታያለህ፣ ሙሉውን የምታየው ከወንዙ ላይ ነው። የተጀመረውም በ713 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሦስት ወንዞች የሚገናኙበት ውሃ ጀልባ እያሰጠመ ስላስቸገረ ነው ይባላል፣ ለማለቅ 90 ዓመት ፈጅቷል። ጀልባው ፊት ለፊቱ ሲቆም ሰዉ ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ይጋፋል፣ እማማን ቀድመህ ጥግ አስይዛቸው።

መስኖው (መሐንዲስ ነኝ)፦ ዱጂያንግያንን እንዳትዘል! ከቼንግዱ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከ2,200 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም ያጠጣል። የሚገርመው የሚን ወንዝን በግድብ ሳይዘጉ መሥራታቸው ነው። ወንዙ መሃል የዓሣ አፍ የመሰለ ሹል ደሴት ሠርተው ለሁለት ከፈሉት፤ በበጋ 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻው ይገባል፣ ጎርፍ ሲሆን ደግሞ አብዛኛው በውጪው በኩል ያልፋል። እዚያ ቆሜ ስንት ቦይ በደለል እንደተደፈነብን አሰብኩና ተናደድኩ። ለማንኛውም የወንዙ ዳር መንገድ ለጥ ያለ ነው፣ የሚወዛወዘውን ተንጠልጣይ ድልድይ ግን እማማ ባይሞክሩት።

ሳሮን፦ ለጾሙ አታስብ። ቼንግዱ ያለው የዌንሹ ገዳም ውስጥ ሥጋ የሌለበት ምግብ ቤት አለ። ሌላ ቦታ 素 (ሥጋ የሌለው ማለት ነው) የሚለውን ምልክት ስልክህ ላይ ይዘህ አሳይ፣ እንቁላል እንዳለውም ጠይቅ። ሥጋ መስሎ የሚቀርበው ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው፣ አስቀድመህ ለእማማ ንገራቸው። ከንፈር የሚያደነዝዝ ቅመምም አላቸው፣ እንደ በርበሬ አያቃጥልም፣ አፍህ እንደ ጥርስ ሐኪም መርፌ ይሆናል። ደግሞ አሊፔይን (በስልክ የሚከፈልበትን መተግበሪያ) እዚሁ ሆነህ አስተካክል፣ ባቡር ላይ ፓስፖርት ከእጅህ አይጥፋ።

ሄኖክ፦ ተባረኩ! ወደ ጥቅምት 3 አዛውሬዋለሁ። ሥጋ የሚመስል የጾም ምግብ እንዳለ ለእማዬ ብነግራት ምን አለች? "ሽሮዬን በሻንጣ እይዛለሁ፤ እነሱ ሥጋ አስመስለው ከሚያበሉኝ!"