የሙከራ ጉድጓዳችን ውሃ ያዘ፣ ገምጋሚዎቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ! እርዱኝ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ለ48 ቤቶች የፍሳሽ ማስወገጃ ዕቅድ አስገብተን ፋይሉ ግምገማ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ጉድጓድ ይኖረዋል። ገምጋሚዎቹ ነገ 3 ሰዓት ላይ ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ። ትናንት ያስቆፈርነው የሙከራ ጉድጓድ ዛሬ ውሃ ይዞ አገኘነው! በምን ቶሎ እናድርቀው? ፓምፕ ይበቃል ወይስ ጠጠር እንሙላበት?

ቧንቧዬ፦
የናፍጣ ፓምፕ ተከራይ። ወዲያው ያልቃል።

ሳቂታው፦
ፈቃድ ሳይወጣ ውሃ ገባላችሁ ማለት ነው። እንኳን ደስ አላችሁ 😂

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህን አልተቀበልኩትም። ጉድጓዱን ያስቆፈራችሁት ውሃው የት እንዳለ ለማወቅ አይደለም እንዴ? ይኸው አወቃችሁ። ሰው ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ የሚያጠራ ይመስለዋል። ታንኩ የሚሠራው ደለሉን ታች ማስቀረት፣ ቅባቱን ላይ መያዝ ነው። ከመሐል ወደ ማስረጊያው የሚወጣው ውሃ ገና በጀርም የተሞላ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከማስረጊያው በታች ያለው ደረቅ አፈር ነው። አየር ባለበት አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ ነው የሚጣራው። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ግን ከማስረጊያው ወለል እስከ ከፍተኛው የውሃ ወለል 1 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደረቅ አፈር ይጠይቃሉ። በእኛ ጊዜ ይህን ያልተማረ መሐንዲስ ፊርማውን አያሳርፍም ነበር። የዛሬ ልጆች ግን...

ቧንቧዬ፦
ጋሼ ጥሩ ብለዋል፤ ሰውዬው ግን ነገ ነው ያለው። ፓምፕ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጋሼ ገብቶኛል። ግን የዝናብ ውሃ ቢሆንስ? ማኅበርተኛው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ጥሏል።

አፈር መርማሪ፦
ዋናውን ነገር አልነገርከንም። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ዝናብ ጥሎ ነበር? ማስረጊያዎቹ ስንት ሜትር ሊቆፈሩ ነው? አጠገባችሁ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አለ?
አሁን ሜትር በገመድ አስረህ ከመሬት ወለል እስከ ውሃው ገጽ ለካ፤ ሰዓቱንም ጻፍ። ማታና ነገ ጠዋት ድገመው። ሸክላ አፈር ከሆነ ውሃው ትክክለኛ ቦታው ላይ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል። ጎርፍ ከሆነ ከአፉ ጀምሮ ጭቃ የወረደበት መስመር ታያለህ። ከመሬት የመጣ ከሆነ ደግሞ ብትቀዳውም እዚያው ቦታ ተመልሶ ይቆማል።
ማንም ሰው እንዳይወርድ! ሳይደገፍ የተቆፈረ ጉድጓድ ይደረመሳል። የናፍጣ ፓምፕ ጭስም ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ይገድላል።
ግድግዳውን በባትሪ እይ። ግራጫ አፈር ላይ ዝገት የመሰለ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ካለ፣ ውሃው በዝናብ ወቅት እስከዚያ ይወጣል ማለት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጉድጓዱ 4 ሜትር ነው። ውሃው ከላይ 2.6 ሜትር ላይ ቆሟል። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል። ነጠብጣብ ያልከው አለ፣ ከ1.8 ሜትር አካባቢ ይጀምራል። ማስረጊያዎቹ 3.5 ሜትር ናቸው። ከአጥሩ ማዶ በታች በኩል ጎረቤት የሚጠጣበት ጉድጓድ አለ፣ 25 ሜትር ቢርቅ ነው።

አፈር መርማሪ፦
እንግዲህ የማስረጊያው ወለል ዛሬም 90 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ነው። በዝናብ ወቅት 1.7 ሜትር ይሆናል። በቤት 5 ሰው፣ በሰው 100 ሊትር ብለን ብናሰላ በቀን 24,000 ሊትር ነው። ያ ሁሉ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤትህ።

የሰፈር ሰው፦
ታዲያ ጎረቤትየው አፍልቶ ይጠጣ። እኛ ዕድሜ ልካችንን አፍልተን አይደል የጠጣነው?

አፈር መርማሪ፦
ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ከፍሳሽ የሚመጣውን ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት ከዚያ በላይ አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።
ጸሐፊው፣ ገምጋሚዎቹ ቀድመውህ ከሚያገኙት አንተ ልኬቱን ይዘህ ቅረብ። ዕቅዱን ለማሻሻል ጊዜ ጠይቅ። ነጠብጣቡ ከ1.8 ሜትር ስለሚጀምር፣ ጋሼ ያሉት 1 ሜትር ደረቅ አፈር እንዲተርፍ በዚህ ቦታ ማስረጊያ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ መጥለቅ የለበትም። ጥልቀት የሌለው ማስረጊያ ቦይ ወይም ከፍ ብሎ የተሠራ የአሸዋ መደብ ይቻላል፤ ግን ሰፊ መሬት ይበላል። ለ48 ቤት የጋራ ማጣሪያ ወይም የፍሳሽ መስመር ካለ እሱ ይሻላል። የጎረቤትን ውሃ ደግሞ ግንባታ ሳይጀመር አስመርምሩ። ኋላ ክርክር ቢነሳ መነሻው እሱ ነው።

ቧንቧዬ፦
ስለዚህ ፓምፑ ቀረ?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ቀረ!

አዲስ ገቢ፦
ጸሐፊው፣ ገምጋሚዎቹ መጡ? ምን አሉ? እኛም ፋይል ልናስገባ ነው። የኛ ጉድጓድ ደረቅ ነው፤ የቆፈርነው ግን በደረቅ ወቅት ነው።

አፈር መርማሪ፦
ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ፈልጉ። ከዚያ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ አቁማችሁበት ጉድጓዱን ድፈኑት፣ ዝናብ ሲገባ በየሳምንቱ ለኩ።