ቢጫ መብራትና ጥንድ መስመር አስቸግረውኛል፤ እባካችሁ አስረዱኝ

ለመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ስዘጋጅ ምልክቶቹን በቃሌ ይዣቸው ነበር፤ ባለስምንት ማዕዘኑ ቀይ ምልክት «ቁም»፣ ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀው ሦስት ማዕዘን ደግሞ «ቅድሚያ ስጥ» እንደሚል አሳምሬ አውቃለሁ። መሪ ከጨበጥሁ በኋላ ግን ዕውቀቴ ከዳኝ።

ትናንት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዝሁ ወደ መስቀለኛ መንገድ ስቃረብ፣ ከማቆሚያው ነጭ መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩኝ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ደንግጬ ፍሬን ስረግጥ ከኋላዬ የነበረው መኪና ለጥቂት ሳይገጨኝ ቀረ። ቢጫ መብራት፣ አሽከርካሪው በደኅና ለመቆም የማይችልበት ርቀት ላይ ካልደረሰ በቀር፣ መቆምን እንደሚያዝ አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን መቆም መቻሌንና አለመቻሌን በዚያች ቅጽበት በምን ልለየው?

ሌላው ያስቸገረኝ የመንገድ መሐል ቀለም ነው። ያልተቆራረጠና የተቆራረጠ መስመር ጎን ለጎን ሲሰመሩ ወሳኙ ለእኔ የቀረበው እንደሆነ ይገባኛል፤ የተቆራረጠው በእኔ በኩል ሆኖ ለመቅደም ከወጣሁ በኋላ፣ ወደ ረድፌ ሳልመለስ ያልተቆራረጠው ቢጀምርብኝ ግን መቅደሜን ልጨርስ ወይስ ፍጥነት ቀንሼ ከኋላው ልግባ? ልምድ ያላችሁ አሽከርካሪዎችና አሠልጣኞች፣ ደንቡን ብቻ ሳይሆን ዓይናችሁ በዚያ ሰዓት ምን ምን እንደሚመለከት ጭምር ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።