ለአቅጣጫ ጠቋሚ ታፔላዎች የሚሆን ፎንት፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በጅማ ከተማ ከመናኸሪያው፣ ከሂርማታ ገበያና ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት ከሚወስደው መንገድ ዳር እንዲቆሙ ለምንጠይቃቸው ታፔላዎች አንድ ወጥ ፎንት እንዲመረጥ ረቂቁ ላይ ጽፌአለሁ። ያሰብሁት ክብ ጂኦሜትሪያዊ ሳንስ ሰሪፍ (በፊደሉ ጫፍ ላይ ትንንሽ ጭረት የሌለው) የሚባለውን ዓይነት ነው። ቅርጹ ከክብና ከቀጥታ መስመር የተገነባ፣ ውፍረቱም ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ፣ ጫፎቹ የተድቦለቦሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው የፖል ሬነር ፉቱራ በክብ ላይ ቢመሠረትም ጫፉ የተቆረጠ ነበር፤ በ1979 ለቮልስዋገን የተሠራው ቫግ ራውንድድ ግን ጫፉ ድቡልቡል ነው። አፕል የኪቦርዶቹን ቁልፎች ለዓመታት የጻፈው በዚሁ ነበር።

የታፔላ ሥራ ባለሙያ፦ እደግፋለሁ። የስቲከር ሹል ማዕዘን በጅማ ዝናብ ቶሎ ይላጣል፤ ድቡልቡሉ ይቆያል። በማሽን ስንቀርጽም የመቅረጫው ጫፍ ራሱ ክብ ስለሆነ ቅርጹ ያለ ተጨማሪ ድካም ይወጣል።

የግራፊክስ መምህርት፦ ሐሳቡን ባልቃወምም ረቂቁ የላቲኑን ጽሕፈት ብቻ ያየ ይመስለኛል፤ እርሱንም ቢሆን በሚገባ አላየውም። እንደ ፉቱራ ባሉት ፎንቶች ትንሿ «ኤ» (a) በጎኗ ዘንግ የተተከለባት ክብ ብቻ ስለሆነች ከርቀት ከ«ኦ» (o) አትለይም። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ረጅም አናባቢ በድርብ ይጻፋልና አጋሮ (Aggaaroo) ሲጻፍ ሁለት «ኤ» በመካከል፣ ሁለት «ኦ» በመጨረሻ ይመጣሉ፤ አውቶቡስ ለመያዝ የሚሮጥ መንገደኛ አራት ተመሳሳይ ክቦችን እንዲፈታ አንፍረድበት። ስለዚህ «ኤ»ዋ ከላይ መንጠቆ ያላት ትሁን።

ወደ ግዕዙ ፊደል ስንመጣ ነገሩ ይጠብቃል። ፊደላችን በብራና ላይ በመቃ ብዕር ሲጻፍ ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ሆኖ ያደገ ነው። ዐ፣ ወ እና ፀ ክቡን በደስታ ይቀበላሉ፤ ለ፣ በ እና ሰ ግን በእግራቸው የሚቆሙ ናቸውና በግድ ማጉበጥ አይገባም፤ ጫፋቸውን ማለዘብ ይበቃል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሣልሱና ኃምሱ ነው፦ የ«ሌ» ቀለበት በወፍራም ፎንት ሲደፈን፣ የ«ሊ» እግር ደግሞ ሲድቦለቦል ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ሊሙ የሚሄደው ሰው «ሌሙ» ያነባል።

የቡና ነጋዴዎች ተወካይ፦ ለቡና ማሸጊያ ስምስ ይሆናል?

የግራፊክስ መምህርት፦ ይሆናል፤ ለስላሳና ተግባቢ መልክ አለው፤ ለሕፃናት የጤና ፖስተርም ይስማማል። ረጅም ጽሑፍ ግን አይጻፍበት፤ የሐዘን ማስታወቂያማ ፈጽሞ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ረቂቁን እንዲህ አስተካክለዋለሁ፦ «ፎንቱ ለታፔላና ለርእስ ብቻ ይውላል፤ የግዕዙ ፊደል ከላቲኑ ክብ ሳይገለበጥ በራሱ ቅርጽ ይሣላል፤ የሁለቱም ቁመትና ውፍረት ይመጣጠናል።» ባለሙያው «አጋሮ»ን እና «ሊሙ»ን በሁለቱም ጽሕፈት በሁለት ውፍረት ቆርጠው ያምጡልን፤ ከመናኸሪያው በር ማዶ ቆመን ካነበብናቸው በኋላ እንፈርማለን።