የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች፦ የአሰሳ ጉዞው የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ ላይ ውይይት

የገመድ ክፍል፦ «ለ60 ሜትር ጉድጓድ 60 ሜትር ገመድ» የሚለው ይሰረዝ። አፉ ላይ ለመጠባበቂያ ማሰሪያ 8 ሜትር ይሄዳል። ገመዱ ድንጋይ እንዳይፈገፍገው መሃል ላይ ሦስት ቦታ ዳግም ስናስር በየቦታው 2 ሜትር፣ ለጫፉ ቋጠሮ 2 ሜትር፤ 76 ሆነ። አዲስ ስታቲክ (ብዙም የማይለጠጥ) ገመድ ደግሞ ሲርስ እስከ 10 በመቶ ሊያጥር ስለሚችል 85 ይገዛ። ሳይቆረጥ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ሌሊት ይዘፍዘፍ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለካ። ጫፉ ካልተቋጠረ ወራጁ ሳያውቀው ከገመዱ ጫፍ አልፎ ይወድቃል።

ሰብሳቢ፦ በጀቱ የያዘው 20 ቦልት (ድንጋይ ተበስቶ የሚመታ የገመድ ማሰሪያ ብረት) ነው። አይበቃም?

የገመድ ክፍል፦ አይበቃም ጋሼ። መጠባበቂያው 2፣ ዋናው 2፣ ዳግም ማሰሪያዎቹ 3፤ ለአንድ ጉድጓድ 7 ነው። ሦስት ጉድጓድ ካገኘን 21፣ ያውም አንድም ሳይበላሽ። እዚያ በኖራ ድንጋዩ መሃል ሸክላማ ንጣፍ አለ፤ እሱ ላይ የተመታ ቦልት ይነቀላል። መጀመሪያ በመዶሻ ይንኳኳ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይበሳ፣ ድፍን ካለ ይታለፍ። 35 ይጻፍ።

የካርታ ክፍል፦ ስለ ዲስቶ ኤክሱ፣ ርቀትና አቅጣጫ ስለሚለካው የሌዘር መሣሪያ፣ ረቂቁ «ባሕር ዳር ይስተካከላል» ይላል። አይሆንም። ጣና ዙሪያ ያለው ባዛልት ኮምፓስ ያሳስታል፣ የቤቱ ፌሮ ደግሞ ይብሳል። ከደጀን ወርደን የኖራ ድንጋዩ ከጀመረ በኋላ፣ በ14 አቅጣጫ አራት አራት ጊዜ እያዞርን፣ 56 ንባብ እንውሰድ። ካራቢነር (የገመድ ማያያዣ የብረት ቀለበት) እና የራስ መብራት ከመሣሪያው ይራቁ። የፊትና የኋላ ንባብ (ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ተመልሶ የሚነበበው) ከ2 ዲግሪ በላይ ከተለያየ ይደገም።

የጤና ክፍል፦ ኤን 95 ጭምብል ለሁሉም፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ሲደርቅ አቧራው የሳንባ ፈንገስ ያመጣል። ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የሰፈረበት ክፍል ግን በጭምብልም አይገባም። ኬንያ፣ ኪቱም ዋሻ በ1980 እና በ1987 የገቡ ሰዎች ማርበርግ የተባለው ገዳይ ቫይረስ ይዟቸዋል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የካርታ ክፍል፦ ጊዜው መጋቢት ቢሆንስ? ብዙዎቻችን ያኔ ነው የሚመቸን።

የገመድ ክፍል፦ እኔ አልስማማም፣ እህቴ። የበልግ ዝናብ ሊጀምር ይችላል። ደጋው ላይ የጣለው ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዋሻውን ይሞላዋል። ጥር ይሁን። ጣሪያ ላይ ጎርፍ ያመጣው ጭራሮና ጭቃ የተጣበቀበት መተላለፊያ ግን በጥርም ቢሆን ማደሪያ አይደረግ።

ሰብሳቢ፦ ይስማማል፤ ጥር። መውጫ ሰዓት አፉ ላይ ለሚቀሩት ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ይሰጥ። የወረዳውንና የቀበሌውን ደብዳቤ እኔ አዘጋጃለሁ። ዋሻው የጸሎት ቦታ ከሆነ ካህናቱ ሳይፈቅዱ ድሪል አይወጣም፤ ይህ ራሱን ችሎ አንቀጽ ይግባ።