ለጉባኤው የምናቀርበው የወጪ ቅነሳ ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ፀሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች እንዴት አመሻችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ገጽ ሐሳብ ይዘን መቅረብ አለብን፣ "ወጪ እንቀንስ" ብቻ ብለን ከሄድን እንደአምናው ተጨብጭቦልን እንበተናለን። መብራት አጥፉ ምናምን ሁሉም ያውቀዋል፣ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ሚሆን ትንሽ ወጣ ያለ ነገር አምጡ። እኔ ልጀምር፣ ሦስት ሦስት ቤት እየሆንን በአንድ ምጣድ ተራ በተራ ብንጋግርስ?

ብሎክ 9፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ እንዴ! ሊጡስ? የኔ እርሾ ከሰው ሊጥ ጋር አይገናኝም ከአሁኑ ልናገር ሃሃ

ፀሐፊ፦ ማን ቀላቅሉ አለሽ፣ ሁሉም የራሱን ሊጥ በባልዲው ይዞ ይመጣል፣ የምንጋራው ሙቀቱን ነው።

ብሎክ 12፣ ኤሌክትሪሽያን፦ ልክ ነች። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ አንዲት እንጀራ ሳትወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሄደ ማለት ነው። ሦስት ቤት ለየብቻ ሲያግል ሦስቴ፣ ተከታትሎ ሲጋግር አንዴ። በሳምንት ሁለቴ ብትጋግሩ በወር ለሦስታችሁ ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል፣ ብዙ አይደለም ግን በነፃ ነው። ብቻ ለመፍጠን ብላችሁ በአንድ ቆጣሪ ሁለት ምጣድ እንዳትሰኩ፣ ብሬከሩ ይወርድና ጨለማ ውስጥ ሊጥ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ልጄ ስሌትህ ጥሩ ነው፣ ቆጣሪው ግን የማን ነው? ታሪፉ እርከን አለው፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ርካሹ ነው ከዛ በላይ እየወጣህ በሄድክ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የሦስት ቤት እንጀራ ሁሌ በአንዷ ቆጣሪ ከተጋገረ እሷ እርከን ትዘላለች፣ ለእናንተ የቀነሰው እሷ ላይ ይቆለላል። ጎረቤት የሚያጣላው እንዲህ ያለው ነው።

ብሎክ 9፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ኮምዩናሉስ፣ የጋራ መገልገያ ቤቱ? እንጀራ መጋገሪያ በግ ማረጃ ተብሎ አይደል የተሠራው፣ አሁን የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ እንጂ

ሒሳብ ያዥ፦ የኮምዩናሉ ቆጣሪ በየትኛው ታሪፍ እንደሚከፈል ደረሰኙን ሳላይ አላስገባውም። ለጊዜው በየጋገራው ቤት ይቀያየር ብለሽ ጻፊ።

ፀሐፊ፦ ጻፍኩት።

ብሎክ 4፣ ምድር፦ እማማ ያሉትን ምጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ነኝ። የመጨረሻዋ እንጀራ ስትቀር ምጣዱን ንቀሉት፣ በያዘው ሙቀት ትበስላለች ይላሉ። ከዛ እስኪበርድ ድረስ ላዩ ላይ ድርቆሽ አድርቁ፣ በርበሬም ማሞቅ ይቻላል። መጨረሻ የሚጋግር ሰው ነው ሚጠቀመው፣ ስለዚህ ተራው ላይ እንዳትጣሉ ብለዋል።

ብሎክ 7፣ ነርሷ፦ እኔ ማመጣው ሳጥን ነው፣ አትሳቁ። ካርቶን ውስጥ ጭድ ጠቅጥቄ ያደረ ሽንብራ 20 ደቂቃ በደንብ አፍልቼ ከነድስቱ እከተዋለሁ፣ በጋቢ ጥቅልል፣ ሥራ ውዬ ስመለስ በስሏል (ጋቢው ሽንብራ ሽንብራ ይሸታል እሱን ልደብቃችሁ አልችልም)። እኛ ጋ ከፍታው 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚፈላው፣ ጥራጥሬ ምድጃችን ላይ ዘላለም ሚቆየው ለዛ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይግባ፣ ቀይ ቦሎቄ ሳይንተከተክ ሳጥን ውስጥ ከገባ ሆድ የሚያውክ መርዙ አይጠፋም፣ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ምድጃ ላይ ይፍላ። ማንኛውም ድስት ሲወጣም ድጋሚ ፈልቶ ይበላ።

ብሎክ 12፣ ኤሌክትሪሽያን፦ ይሄ ደሞ ጉባኤ አይፈልግም፣ ካርቶን ነው ሚፈልገው። ጉባኤ ሚፈልገው ጣሪያው ነው። ውሃ በፈረቃ እየመጣልን ክረምቱን ሙሉ ከቆርቆሮው ሚወርደውን ለጭቃ እንገብራለን። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው፣ 200 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር፣ አንድ ሮቶ ሙሉ ማለት ነው። ለመጸዳጃና ደረጃ ለማጠብ ይበቃናል።

ብሎክ 9፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ ሮቶውን ኮሪደር ላይ እናስቀምጠው?

ብሎክ 12፣ ኤሌክትሪሽያን፦ ሲሞላ 2 ቶን ነው እህቴ! መሬት ላይ፣ ሲሚንቶ ተደልድሎለት። የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ አጥቦ ስለሚመጣ ይደፋ፣ ክዳንም ይኑረው ልጆች አሉ። ለመጠጥ እንዳትሉኝ።

ፀሐፊ፦ እሺ ረቂቁ እንዲህ ነው፣ "በብሎክ 12 ለሙከራ አንድ ሮቶ ከጣሪያው አሸንዳ ጋር ይገጠም፣ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ጉባኤው ይፍቀድ፣ ወጪውም ለብሎኩ አባወራዎች እኩል ይከፋፈል። በጋራ መጋገር በፈቃደኝነት ሆኖ ቤት እየተቀያየረ ይሞከር። ኮምዩናሉ ይጸዳ፣ ታሪፉም ይጣራ።" ሳጥኑን ነርሷ በዕለቱ ይዛ መጥታ ታሳያለች፣ ድስቱን ከነሽንብራው።

ሒሳብ ያዥ፦ "እኩል ይከፋፈል" ሚለው ላይ ተከራዮች ይጠይቃሉ። አከራዩ ይክፈል በይ፣ ሮቶው ተከራዩ ሲወጣ አብሮት አይወጣም።

ብሎክ 7፣ ነርሷ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥዎት፣ ተከራይ ነኝ።

ፀሐፊ፦ ተስተካክሏል። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ጣሪያውን እንለካለን፣ መሰላል ያለው ይዞ ይምጣ።

ብሎክ 12፣ ኤሌክትሪሽያን፦ መሰላሉ ኮምዩናሉ ውስጥ ነው፣ ከወንበሮቹ ኋላ። ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ብሎክ 9፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ እሱን አትጠይቁ ሃሃ፣ እኔ ጋ ነው። ወንበሮቹም የኔ ናቸው።