ፕሪንስን ያጣነው በማን ጥፋት ነው? ስለ ሕመም ማስታገሻ ጥገኝነትና ስለ ሐኪም ኃላፊነት

የጊታር ወዳጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ። ሰሞኑን የአሜሪካዊውን ሙዚቀኛ የፕሪንስን አንድ የቆየ የመድረክ ቅጂ ስመለከት፣ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማውን እንደተጫማ ከፒያኖ ላይ ዘሎ ሲወርድ፣ እግሮቹን ዘርግቶ መሬት ሲነካና ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመልሶ ሲቆም አየሁ። ልጅ ሳለሁ ይህን ዝላይ ደጋግሜ ወደ ኋላ እየመለስሁ በአድናቆት አየው ነበር፤ አሁን ግን ዓይኔ የሚያርፈው ዳሌውና ጉልበቱ ላይ ሆኗል፤ ማስታገሻ ያስፈለገው ሕመም ከዚህ ይሆን እያልሁ።

ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ፕሪንስ ያረፈው ኤፕሪል 21 ቀን 2016 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ቻንሃሰን በሚገኘው ፔይዝሊ ፓርክ በተባለው መኖሪያውና ስቱዲዮው ነው። በ57 ዓመቱ ሊፍት ውስጥ ብቻውን ወድቆ ተገኘ። የአስከሬን ምርመራው ፈንታኒል የተባለ ኃይለኛ ማስታገሻ ከመጠን በላይ ወስዶ በድንገት እንደሞተ አረጋገጠ። ሁለት ዓመት ከፈጀ ምርመራ በኋላ ግን የካርቨር ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ በማንም ላይ የወንጀል ክስ እንደማይመሠርት በኤፕሪል 2018 አስታወቀ። በሌላ ሰው ስም መድኃኒት አዝዞለታል የተባለው ሐኪም 30,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ። የሰው ነፍስ በ30,000 ዶላር ይዘጋል ወይ?

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ፕሪንስ መጠጥና ዕፅ አጠገቡ እንዲደርስ የማይፈልግ፣ ከ2001 ጀምሮ የይሖዋ ምስክር ሆኖ የኖረ ሰው ነው። አንዳንዶች ስሙን አንሥተው «ሱሰኛ ነበር» ሲሉ ስሰማ ዘመዴን እንደሰደቡብኝ ያህል ያመኛል። ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት የወሰደ ሰው ሱሰኛ ይባላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።


ፋርማሲስት ነኝ፦

ወንድሜ፣ ኀዘንዎ ይገባኛል፤ እኔም ዜናውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነበርና መድኃኒት መቁጠሩን አቋርጬ ለጥቂት ደቂቃ ቁጭ ማለቴን አልረሳውም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ስለተደባለቁ አስቀድመን እንለያቸው። ሐኪሙ 30,000 ዶላር የከፈለው ለፕሪንስ ሞት አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ያነሣበት የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ኦክሲኮዶን የተባለው ማስታገሻ ለፕሪንስ እንደሚደርስ እያወቀ በሌላ ሰው ስም አዝዟል የሚል ነበር፤ ሐኪሙም ጥፋቱን ሳያምን በስምምነት ጨረሰው። ፕሪንስን የገደለው ያ ኦክሲኮዶን አይደለም። መርማሪዎቹ ያገኙት ቫይኮዲን የተባለውን የታወቀ ማስታገሻ መስለው የተሠሩ፣ ውስጣቸው ግን ፈንታኒል ያለባቸው ሐሰተኛ ኪኒኖች ነው፤ ከፊሎቹም ያለ ማዘዣ በሚሸጠው አሊቭ የተባለ ማስታገሻ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ፕሪንስ የሚውጠው ፈንታኒል መሆኑን ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ኪኒኖቹን ማን እንዳመጣለትም ሊረጋገጥ አልቻለም። ክስ ሳይመሠረት የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈንታኒል በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል በየዕለቱ ያገለግላል። ነገር ግን ጉልበቱ ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ስለሚበልጥ የሚለካው በማይክሮግራም ነው። በድብቅ ቦታ ዱቄት አደባልቆ ኪኒን የሚሠራ ሰው ይህን ያህል ጥቂት ነገር በእኩል ሊያዳርሰው አይችልም፤ ስለዚህ ከአንድ ጠርሙስ ከወጡ ሁለት ኪኒኖች አንዱ ሕመሙን እንኳ ሳያስታግስ ሊቀር፣ ሌላው ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ስለ ሱስ የጠየቁትን በተመለከተ፣ እኛ በሙያችን ጥገኝነትንና ሱስን እንለያያለን። ኦፒዮይድ የሚባሉትን ማስታገሻዎች በተከታታይ ለሳምንታት የወሰደ ማንኛውም ሰው፣ ጻድቅም ይሁን ኃጥእ፣ ሰውነቱ ይላመዳቸዋል፤ ያው መጠን እያደር አልበቃ ይለዋል፣ በድንገት ሲያቆምም ይታመማል። ይህ ጥገኝነት ነው፤ የባሕርይ ጉድለት የለበትም። ሱስ የምንለው ሰውየው ጉዳቱን እያየ መድኃኒቱን መፈለግና መውሰድ ማቆም ሲያቅተው ነው፤ እርሱም ቢሆን ሕክምና ያለው በሽታ እንጂ ስድብ አይደለም። ፕሪንስ ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንደነበር ከሩቅ ሆኜ መወሰን አልችልም። ለሕመሙ ብሎ የጀመረውን ነገር ያለ እርዳታ መተው እንዳልቻለ ግን ግልጽ ነው።


የማታ አድማጭ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ግን በዚህ ብቻ ሐኪሞቹን ከደሙ ንጹሕ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ከሞቱ በፊት የነበሩትን ስድስት ቀናት እንቁጠራቸው። ኤፕሪል 14 አትላንታ ላይ ብቻውን ፒያኖ ይዞ በአንድ ምሽት ሁለት ዝግጅት አቀረበ። በዚያው ሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ አየር ላይ ራሱን ሳተ፤ አውሮፕላኑ ኢሊኖይ ውስጥ ሞሊን ላይ በአስቸኳይ አረፈና የኦፒዮይድን ጉልበት የሚሽረው ናሎክሶን ሁለት ጊዜ ተሰጥቶት ነቃ። ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ምርመራውን እንቢ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ወጣ። ለእኛ ኢንፍሉዌንዛ ነው ተባልን፤ አመንን። ኤፕሪል 16 ፔይዝሊ ፓርክ ለተሰበሰቡ አድናቂዎቹ ብቅ ብሎ አዲሱን ሐምራዊ ፒያኖ ሲያሳያቸው ጭራሽ ደስ አለን።

ኤፕሪል 20 በሌላ ሰው ስም አዝዞለታል የተባለው ያ ሐኪም እንደገና አየው። የዚያኑ ዕለት ምሽት በዙሪያው ያሉ ሰዎች ካሊፎርኒያ ለሚገኝ አንድ የሱስ ሕክምና ሐኪም ደወሉ። የሱስ ሐኪሙ ወዲያው መነሣት ስላልቻለ ልጁን የኦፒዮይድ ሱስ ማከሚያ የሆነውን ቡፕረኖርፊን አስይዞ በሌሊት በረራ ላከው። ልጁ ሲነጋ ደረሰ፤ የመጣለትን ሰው ሊያገኘው ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ለአስቸኳይ እርዳታ ስልክ የደወለው እርሱ ሆነ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣኛል። መድኃኒቱ እኮ በቦርሳ ውስጥ ሆኖ በር ላይ ደርሶ ነበር!

የሐኪም ተጠያቂነት አዲስ ነገር አይደለም። ማይክል ጃክሰን በጁን 2009 የሞተው በማስታገሻ ሳይሆን ፕሮፖፎል በተባለ ማደንዘዣ ቢሆንም፣ መኝታ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሰጠው የግል ሐኪሙ ኮንራድ መሪ በ2011 ባለማሰብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ አራት ዓመት ተፈርዶበታል። የዘፋኙ የኤልቪስ ፕሪስሊ ሐኪም ጆርጅ ኒኮፑሎስ ደግሞ በ1981 በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ፤ የሙያ ፈቃዱን የተነጠቀው በ1995፣ ኤልቪስ ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። እኔ ካልሰጠሁት ሌላ ሐኪም ይሰጠዋል፣ ስለዚህ እየሰጠሁ ልቆጣጠረው ሞከርሁ የሚል መከራከሪያ ነበረው። ለታዋቂ ሰው «አይሆንም» ብሎ ሥራውን ለማጣት የሚደፍር ሐኪም ከየት ይምጣ? እኛስ አድናቂዎቹ፣ ቲኬቱን ከገዛን በኋላ ዝግጅቱ ተሰረዘ ቢሉን ምን እንል ነበር?


ፋርማሲስት ነኝ፦

ስድስቱን ቀናት ያነሡት ነጥብ ትልቅ ነው። ናሎክሶን የሚሠራው በአብዛኛው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካለፈ በኋላ በሰውነት ውስጥ የቀረው ኦፒዮይድ ተመልሶ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። ሆስፒታል ቆዩ የምንለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አእምሮው ንቁ የሆነ ትልቅ ሰው ምርመራ አልፈልግም ካለ ማንም አስሮ አያስቀምጠውም፤ ይህ መብት ለእርስዎም ለእኔም እንዲኖር እንፈልጋለን።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ በሌላ ሰው ስም ማዘዝ የሚባለው ነገር ነው። ብዙዎች የወረቀት ጥሰት አድርገው ያዩታል። አሜሪካ ውስጥ ክልሎቹ የማዘዣ መከታተያ መዝገብ አላቸው፤ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ከፍተው ይህ ሰው በዚህ ወር ምን ያህል ኦፒዮይድ፣ ከማን፣ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ያዩበታል። ማዘዣው በሌላ ሰው ስም ሲወጣ መዝገቡ ዕውር ይሆናል። ታዋቂውን ሰው ከጋዜጠኛ ለመሸሸግ የተደረገው ነገር ሊረዳው ከሚችለው ሁሉ ይሸሽገዋል፤ ቀጣዩ ሐኪም ንጹሕ መዝገብ አይቶ ያክመዋል። ዝናው ጠባቂ አበዛለት እንላለን እንጂ፣ በዚህ ነገር ከማንኛውም ተራ ሕመምተኛ ያነሰ ጥበቃ ነው ያገኘው።


የታማሚ ልጅ፦

እኔ አድናቂ ሆኜ አይደለም የምጽፈው፤ አባቴን ስላስታወሳችሁኝ ነው። አባቴ አከርካሪው ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ኦክሲኮዶን ወሰደ። ማታ ማታ ሁላችንም ተኝተናል ብሎ ሲያስብ፣ ኪኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ አፍስሶ በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ እየገፋ ይቆጥራቸው ነበር። በጨርቁ ላይ ሲንከባለሉ የሚያሰሙት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቆጥሮ ሲጨርስ እንደገና ይጀምራል። እስከ ቀጠሮው እንደማይደርሱለት አውቆ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ከሚገባው በፊት ለምን ጨረስህ ብሎ ተቆጣውና ማዘዣውን ያለ ምንም ቅነሳ በዚያው አቆመበት። አባቴ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አፍንጫው እንደ ምንጭ እየፈሰሰ፣ ቆዳው እየተሸማቀቀ፣ እግሩ አልጋው ላይ እየተወራጨ ከረመ። በአራተኛው ቀን ከአንድ ሰው በእጅ የተገኙ ኪኒኖች ኪሱ ውስጥ አገኘሁ። ከየት እንደመጡ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ማየት እስኪያቅተኝ ድረስ አፍሮ ነበር። ወንድሞቼ፣ ሐሰተኛ ኪኒን ሰው እጅ የሚገባው በዚህ በር ነው። ያ ሐኪም ሕግ አክብሬያለሁ ብሎ ነው የተኛው።

የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ፕሪንስ ከመሞቱ ከአንድ ወር በፊት፣ በማርች 2016፣ ሐኪሞች ኦፒዮይድ እንዳያበዙ የሚያሳስብ መመሪያ አወጣ። መመሪያው በጎ ቢሆንም ብዙ ሐኪሞች ወዲያው ቁረጡ ተብለናል ብለው ተረጎሙት። በ2019 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በድንገት ማቋረጥ ሕመምተኛውን ለከባድ ሥቃይና ራስን እስከማጥፋት ለሚያደርስ አደጋ እንደሚያጋልጥ ሲያስጠነቅቅ፣ የ2022ቱ የታደሰ መመሪያም ይህንኑ ደገመ። የማታ አድማጭ «አይሆንም» የሚል ሐኪም ከየት ይምጣ ብለዋል። አባቴ «አይሆንም» የሚለውን አግኝቶ ነበር።

ያዳነው ሌላ ሐኪም ነው። በመጀመሪያው ቀን ወንበሯን ወደ እርሱ አስጠግታ፣ «በቀን ስንት እንደሚወስዱ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የትኛውም ቁጥር ቢሆን አልቆጣም» አለችው። አባቴ ቁጥሩን ሲናገር እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ከዚያ በስምንት ወር ጥቂት በጥቂት እየቀነሰች አወጣችው።


የጊታር ወዳጅ፦

እህቴ፣ አባትሽ ስለተረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። የጻፋችሁትን ሁሉ ደጋግሜ አነበብሁት። አንድ ጥፋተኛ ስፈልግ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ቁጣዬን የማሳርፍበት ፊት ስለፈለግሁ ነው። በሞቱ ሰሞን በፔይዝሊ ፓርክ አጥር ላይ ሐምራዊ አበባና ፊኛ፣ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሲንጠለጠል፣ ሚኒያፖሊስም በፈርስት አቬኑ የሙዚቃ ቤት ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ በዘፈኖቹ ሲጨፍር አይቼ አልቅሻለሁ። ያ ሁሉ ሰው ከሚወድደው ከእርሱ አፍ፣ ያመኛል የሚለውን ቃል በግልጽ የሰማ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ።

የሮክ ዘፋኙ ቶም ፔቲም ትዝ አለኝ። በኦክቶበር 2017 ሲሞት ዳሌው ተሰብሮ እያለ ነበር የመጨረሻውን የኮንሰርት ጉዞ የጨረሰው። ቤተሰቡ በጃንዋሪ 2018 የምርመራው ውጤት ሲወጣ የገደለው ፈንታኒል ያለበት የመድኃኒቶች ድብልቅ መሆኑን ሳይደብቁ ለሕዝብ ተናገሩ፤ የሌሎችን ሕይወት ያድን ይሆናል ብለው። ያን ጊዜ ለምን ይህን ያወጡታል ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላስብም።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። እናቴ ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኦክሲኮዶን ታዝዞላታል፤ ለእንቅልፍም ሌላ ኪኒን ትወስዳለች። ናሎክሶን ቤት ማስቀመጥ ይቻላል ወይስ ማጋነን ይሆንብኛል?


ፋርማሲስት ነኝ፦

ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያ የእንቅልፉን መድኃኒት ስም ዛሬውኑ ለሐኪሟ ይንገሩ፤ ከኦፒዮይድ ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን በአንድነት የሚያዳክሙ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች አሉ፣ ሁለቱን የሚያዝዙት ሁለት ሐኪሞች ከሆኑም አንዱ የሌላውን ላያውቅ ይችላል። በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል፤ በሌላ አገር ከሆኑ ፋርማሲስትዎን ይጠይቁ። ስትጠሯት ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ የሚመስል የታፈነ ድምፅ ካሰማች፣ ከንፈሯም ከጠቆረ አንዱን በአንድ አፍንጫዋ ይርጩና ወዲያው ለአስቸኳይ እርዳታ ይደውሉ። እየተነፈሰች ከሆነ በጎኗ ያስተኟት። በሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ካላዩ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫዋ ይድገሙት። ብትነቃም ትተዋት አይሂዱ፤ መድኃኒቱ ከኦክሲኮዶኑ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። የት እንዳስቀመጡትም እርሷም ቤተሰቡም ይወቁ፤ መቆለፊያ ያለው መሳቢያ ውስጥ እንዳያስገቡት።